የገመዱ ጫፍ

አሁን ካረጀሁ ወዲያ ምን አስዋሸኝ፤ በሕይወቴ እንደ የብርጓል የቀናሁባት ሰው የለችም።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነው። ድረስ የሚባለው እጮኛዬ ብራና ላይ የመጽሐፍ ጌጥ ሐረግ እየሳለ ያደገ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነበር። አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ የእጁን ሥራ አይቶ ወሰደውና የከተማ ንድፍ ያስተምረው ጀመር፤ መንገዱ በየት እንደሚያልፍ፣ ዛፉ የት እንደሚተከል፣ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ። አባቴ «ባንዳ» ብለው አኮረፉት። እሱ ግን «እነሱ ይሄዳሉ፤ ከተማው የኛው ነው» ይል ነበር። እኔን የሚያበግነኝ ከወረቀቱ ቀና ብሎ አለማየቱ ነበር።

የብርጓል ከምንጩ በላይ ሰፊ ርስት ያላት፣ ባሏ የሞተባት፣ ገና ሃያ አምስት ያልሞላት ቆንጆ ነበረች። ድረስ ሳምንቱን ሙሉ እሷ ማሳ ላይ ዋለ። ምን እንደሚሠራ ብጠይቀው «ሲያልቅ ትሰሚያለሽ» አለኝ። ቅዳሜ ውሃ ልቀዳ ስወርድ አየኋቸው። የመለኪያውን ገመድ አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እሷ ይዘው ይሳሳቃሉ። እኔን አንድ ቀን እንኳ ያዢልኝ ብሎኝ አያውቅም።

እሑድ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ ሄጄ ለምልክት የተከላቸውን ችካሎች ነቀልኩ። ዐሥራ አራት ነበሩ። ተሸክሜ ገባሁና አንድጄ ለምሳ ሽሮ ሠራሁባቸው። እንደዚያ ቀን ሽሮ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ድረስ ሰኞ ከሰዓት አጥራችን ሥር መጥቶ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«መሐንዲሱ አባረረኝ» አለ። «ዋናው መንገድ የእናንተን ቤት አቋርጦ ነበር የተነደፈው። የብርጓልን ለምኜ ከርስቷ ጫፍ ሰጠችኝ፣ መንገዱን በዚያ አዞርኩት። ዛሬ ላሳየው ይዤው ብሄድ አንድ ችካል የለም። ቀለድክብኝ ብሎ የድሮውን መስመር አጸደቀው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ቤታቸው ሊፈርስ ነው ብዬ አባትሽን ላስደነግጥ? ከዳነ በኋላ ልነግርሽ ነበር።»

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ የነቀልኳቸው» አልኩት። «ቀንቼ።»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ።

በወሩ ቤታችን ፈረሰ። አባቴ ምሰሶውን እያስነቀሉ ጣሊያንን ይረግማሉ፤ እርግማኑ ሁሉ የሚያርፈው እኔ ላይ ነበር። ኋላም እውነቱን ሳያውቁ አረፉ። መጠጊያ የሰጠችን ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የብርጓል። ከዚያው ከርስቷ ጫፍ ቆርሳ የቤት ቦታ ሰጠችን።

ድረስ ሳይጠራ ቦታውን ሊለካ መጣ። የብርጓል እንደ ልማዷ ገመዱን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። አልፏት መጣና ጫፉን እኔ እጅ ላይ አስቀመጠው።

«ያዢው፣ ሥራነሽ። ችካሉንም ራስሽ ትተክያለሽ» አለ። «ከዚያ ማን እንደሚነቅለው አያለሁ።»

እንባዬ ወረደ፤ ገመዱን ግን አልለቀቅኩም።

ጣሊያን ወጣ፣ መንገዱ እዚሁ ቀረ። ድረስ የስንቱን ቤትና የአትክልት ቦታ ለካ፤ ጫፉን የያዝኩት ሁልጊዜ እኔ ነኝ። የብርጓል የልጃችን የክርስትና እናት ሆናለች፣ እንደ እህቴ እወዳታለሁ። ገመዱን ግን እሷም ብትሆን አትነካም።