የሜትሩ ሌላኛው ጫፍ

ትርንጎ ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያ የምታደርገው ሬዲዮ መክፈት ነበር፤ ለመስማት ሳይሆን ቤቱ ውስጥ አንድ የሚናገር ነገር እንዲኖር። ደሴን በክረምት የሚያውቅ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከቀትር በኋላ ጉሙ ከጦሳ ተራራ እየተንከባለለ ይወርድና መጀመሪያ የላይኛውን መንደር፣ ቀጥሎ የቆርቆሮ ጣሪያውን፣ በመጨረሻም የጊቢውን በር ይውጠዋል። የእሷ ክፍል ከጊቢው ዳር፣ ከአፋፉ ላይ ስለሆነች፣ ጉሙ ሲመጣ ከመስኮቱ ውጭ የሚቀር ነገር የለም፤ አንድ ሰው ከውጭ ነጭ ጨርቅ የጋረደባት ይመስላል። ያኔ አምፖሏን አብርታ ከእግር ስፌት መኪናዋ ፊት ትቀመጥና፣ ፔዳሉን እየረገጠች የመጋረጃ ጠርዝ ወይም የትራስ ልብስ ትሰፋለች። አንድ ራስ ላላት ሴት የትራስ ልብሷ ብዙ ነበር።

ያን ሰሞን ግን እውነተኛ የስፌት ሥራ አገኘች። የመሥሪያ ቤታቸው ገንዘብ ያዥ መክሊት ልታገባ ነው፤ ሴቶቹ አንድ ዓይነት ጥቁር አረንጓዴ ጨርቅ ገዝተው አንድ ዓይነት ጃምፕሱት ሊለብሱ ተስማምተዋል፤ ሱሪውና ሸሚዙ ወገብ ላይ ተጋጥመው ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ወጥ የሆነ፣ ከኋላ በዚፕ የሚዘጋ። ትርንጎን የጠየቃት አልነበረም። እሷ መዝገብ ቤት ናት፤ መዝገብ ቤት ያለ ሰው የሚታወሰው ፋይል ሲጠፋ ነው። ኋላ ግን ከሴቶቹ አንዷ በድንገት ሌላ ከተማ ተዛወረችና ድርሻዋ ተረፈ፤ ጸሐፊዋ ሃያት፣ የሰርጉ አለቃ አድርጋ ራሷን በራሷ የሾመችው፣ ጨርቁን በፌስታል አንጠልጥላ መጣች።

«ትርንጎ፣ አንቺም ሰው ነሽ አይደል? ነይ ከእኛ ጋር ፎቶ ተነሺ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ፋይሉን ነው የምጠራው? እሑድ ነው፣ አደራ። ልብሱ ካልደረሰልሽ ፎቶው ውስጥ መግባት የለም፤ መክሊት ቀለም የሚያበላሽብኝን አላስጠጋም ብላ ምላለች።»

ትርንጎ ጨርቁን ታቅፋ ቤቷ ገባች። እሷ ያለችበት ፎቶ ሁሉ የመታወቂያ ነው፤ የመታወቂያ ፎቶ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ሰው አይገባም። ሌሎቹ ለልብስ ሰፊ ሲሰጡ እሷ «ራሴ እሰፋዋለሁ» ብላ ነበር፤ አንድ የምታውቀው ነገር እንዳለ እንዲታወቅላት። ሃያት የልብሱን ቅድ በቴሌግራም ላከችላት፤ ትርንጎ አለቃዋ ሲወጣ በቢሮው ማተሚያ ገጽ በገጽ አወጣችውና ቤቷ ወስዳ ጠርዝ ለጠርዝ በዱቄት ሙጫ አጣበቀችው። ወለሉ ላይ ሲዘረጋ ጭንቅላት የሌለው፣ ፊቱና ጀርባው ተለያይቶ የተሰጣ ሰው መሰለ።

የቤት አከራይዋ እትዬ ከድጃ በሩ ላይ ቆመው አዩት።

«ይሄ የጋራዥ ቱታ አይደል እንዴ?»

«ጃምፕሱት ነው እትዬ። ለሰርግ ነው።»

«ለሰርግ! ወላሂ ሽንት ቤት የሄድሽ ዕለት ጉድሽ ፈላ። ከአንገትሽ ጀምረሽ ልትገፈፊ?»

«እንግዲህ አልጠጣማ።»

«ሰርግ ሄደሽ?» አሉና እየሳቁ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሳቃቸው ጉሙ ውስጥ ገብቶ እስኪጠፋ ድረስ ትርንጎ አዳመጠችው።

የቅዱ ማብራሪያ ቀላል ነበር፤ ከአንድ ቦታ በስተቀር። ልብሱ ወጥ ስለሆነ ሁሉም ነገር በአንድ ልክ ላይ ይቆማል፤ ይኸውም ከማጅራት ተነሥቶ፣ ጀርባን ይዞ ወርዶ፣ በእግር መሃል አልፎ፣ ሆድን ይዞ እስከ አንገት ሥር የሚመለሰው ልክ ነው። እሱ ካጠረ ልብሱ ብብት ይቆርጣል፤ ከረዘመ መቀመጫው ጉልበት ላይ ይንጠለጠላል። «ይህን ልክ ብቻዎን አይለኩ» ይላል፤ «የሜትሩን ጫፍ ሌላ ሰው ይያዝልዎ።»

ሌላ ሰው የሚለው ላይ ትንሽ ቆየች።

ጫፉን በልብስ መቆንጠጫ ከቀሚሷ አንገት ላይ ያዘችው፤ ስትጎትተው ተፈናጥሮ አልጋ ሥር ገባ። በፕላስተር ማጅራቷ ላይ ለጠፈችው፤ ፕላስተሩ ፀጉሯን ይዞ ተነሣ። እትዬ ከድጃን ልትጠራ እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች። ጨው አበድሩኝ ማለት ቀላል ነው፤ ጨው የሚጠይቅ ሰው የጎደለው ጨው ብቻ ነው። ማጅራቴ ላይ ያዙልኝ ብሎ የሰው ደጅ መቆም ግን ሌላ ነገር ነው።

ሲመሻሽ፣ ጉሙ መስኮቱን ዘግቶት፣ ሬዲዮው ጣቢያ ለቆ እየተንሿሿ ሳለ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ብላ የሜትሩን ጫፍ በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ ጣለችውና በእግሮቿ መሃል የመጣውን ይዛ ወደ ላይ ሳበችው። ሜትሩ አልተከተላትም። ማጅራቷ ላይ፣ አጥንቷ ጎላ ያለበት ቦታ ላይ በትክክል ቆሞ፣ ተወጠረ። የቀሚሷ ቁልፍ ይዞት ይሆናል ብላ ቁጥሩን አንብባ ጻፈች። ስትለቀው ዱብ አላለም፤ ቀስ ብሎ፣ ጀርባዋን እየተከተለ፣ አንድ ሰው እያወረደው እንዳለ ሁሉ ወለሉ ላይ ተጋደመ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀና። በጠመኔ ስታሰምር ጨርቁ አይሸሽም፤ ስትቆርጥ ከወዲያ በኩል የሚወጥረው ያለ ይመስል መቀሱ እንደ ቅቤ ያልፋል። የፊቱን ክፍል ስፒሎች ራሷ ሰካቻቸው፤ እንደ ልማዷ ተንጋደዋል። የጀርባውን ስትገለብጠው ተሰክተው ጠበቋት፤ ቀጥ ብለው፣ እኩል ተራርቀው፣ ሁሉም ራሳቸውን ወደ አንድ ወገን አድርገው። ሰክቼ ረስቼው ነው አለች። ብቻውን የሚኖር ሰው ለሁሉም ነገር ምክንያት አያጣም፤ የሚከራከረው የለማ። ክፍሉ ውስጥ ግን አዲስ ሽታ ነበር፤ ለዓመታት ያልተከፈተ ሣጥን ክዳኑ ሲነሣ የሚወጣው ዓይነት፣ እርጥበት ያገኘው ጋቢና ያረጀ ሳሙና። ፔዳሉን መርገጥ ስታቆም፣ መንኮራኩሩ ዞሮ ዞሮ ከመቆሙ በፊት፣ ትንፋሽ ትሰማለች፤ ከእሷ ትንፋሽ ትንሽ ዘግየት የሚል፣ እንደሚለማመድ ሰው።

«እንግዳ መጣብሽ?» አሏት እትዬ ከድጃ ውሃ ስትቀዳ።

«ኧረ የለም።»

«ታዲያ ማታ ማታ ከማን ጋር ነው የምትስቂው?»

«ሬዲዮ ይሆናል።»

«ሬዲዮ በስምሽ ይጠራሻል እንዴ?» አሉ በቀልድ፤ ትርንጎ ስላልሳቀች እሳቸውም ተዉት።

ልብሱን በእጇ ወስውሳ ለመጀመሪያ ጊዜ የለካችው ዕለት መብራት ጠፍቶ ነበር። በሻማ፣ ከቁም ሣጥኑ መስታወት ፊት ቆማ፣ ትከሻው ላይ ትንሽ እንደ ሰፋ አየች። አፏ ሳይጠይቃት ተናገረ።

«እዚያ ጋ። ትንሽ ጠበብ።»

ጨርቁ ከኋላዋ ጠበበ። አንድ ጣት ማጅራቷን ነካት። አልቀዘቀዘም፤ አልሞቀምም። ሰው የራሱን እጅ በራሱ እጅ ሲይዝ የሚሰማው ዓይነት ነበር፤ የቱ እንደያዘ፣ የቱ እንደተያዘ የማይለይ። መጮህ ነበረባት። ዳሩ ግን የሰው ጣት ከነካት ስንት ጊዜዋ! ዓይኗን ጨፈነች።

«እሱ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ያዢልኝ።»

ልብሱ አካሏ ላይ ልክ እየሆነ ሲሄድ ሌላው ነገር ሁሉ እየሰፋባት ሄደ። ባጃጁ እጇን ዘርግታለት አልፏት ከእሷ ወዲያ ላሉት ቆመ። ባለሱቁ ከኋላዋ የቆመችውን ልጅ አስቀድሞ፣ ከዚያ ሚዛኑን አስቀምጦ ገባ። የመሥሪያ ቤቷ ዘበኛ ቦርሳዋን አልፈተሸም፤ ቀና ብሎም አላየም። ሌላ ሰው ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ይደነግጥ ነበር። ትርንጎ ግን ከሰው ዓይን እየጠፋች መሆኗን ለማወቅ አስቀድማ ስትታይ የኖረች መሆን ነበረባት። የሆነ ነገር እንዳለ የገባት ዓርብ፣ ሃያት መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ፊት ለፊቷ እየተመለከተች፣ «ይቺ ትርንጎ ደግሞ የት ሄደች?» ስትል ነው።

«እዚህ ነኝ እኮ።»

ሃያት ሁለት ጊዜ ዓይኗን አርገበገበች፤ ከሩቅ ጉም ውስጥ እንደምትፈልጋት ሁሉ አንገቷን ሰገግ አደረገች።

«ውይ በሞትኩት! ምን ሆነሽ ነው እንደዚህ... ወረቀት የመሰልሽው? ልብሱ ደረሰ?»

«ዚፑ ብቻ ቀርቶታል።»

«በይ እንዳትቀሪ» አለች፤ ግን ይህን ስትል የምታየው መደርደሪያውን ነበር።

ያን ዕለት ትርንጎ ቤቷ እንደገባች ምላጭ አነሣች። ልብሱ ቁም ሣጥኑ በር ላይ ተሰቅሏል፤ መስኮቱ ተዘግቶ ነፋስ ሳይኖር፣ ደረቱ ሰው የገባበት ያህል ሞላ ብሏል። ሬዲዮዋን ልትከፍት እጇን ሰደደች፤ ቁልፉ ከጣቷ ሥር እየሟሟ የሚሄድ ይመስል አልዞር አላት። ተርትሬ እጥለዋለሁ አለች። የሚቀር ነገር የለም፤ ክሩ ወደ ክርነቱ፣ እኔም ወደ እኔነቴ። የወገቡን ስፌት በግራ እጇ ወጥራ ምላጩን አስጠጋች፤ ከዚያ እሑድ ታየቻት። ሴቶቹ ሁሉ አንድ ቀለም ለብሰው ተደርድረው፣ «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ» ሲባሉ፣ ትከሻ ለትከሻ ሲነካኩ፣ እሷ እዚህ የትራስ ልብስ ስትዘመዝም። ከኋላዋ ያለችውም ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች። ትርንጎ ምላጩን የመኪናው መሳቢያ ውስጥ መለሰችው።

«ዚፑንስ ትዘጊልኛለሽ?» አለች፣ ሳትዞር።

መኪናው ላይ ስትቀመጥ ፔዳሉ እግሯን ሳይጠብቅ ጀመረ።

እሑድ ጠዋት ሰማዩ ተገልጦ፣ እትዬ ከድጃ ጊቢው ውስጥ በርበሬ እያሰጡ ነበር። ትርንጎ ታጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ተኩሳ ባዘጋጀችው ልብስ ውስጥ መጀመሪያ እግሯን፣ ቀጥሎ እጇን አስገባች። አልጠበባትም፤ አልሰፋትም። ዓይኗን ጨፈነች፤ ከኋላ ዚፑ ከወገቧ ተነሥቶ፣ ጥርስ በጥርስ፣ ሳይቸኩል ወደ ላይ ወጣ፤ በወጣ ቁጥር ጀርባዋ እየሞቀ፣ ፊቷ እየበረዳት ሄደ። ማጅራቷ ጋ ሲደርስ ቀጭ አለ። ዓይኗን ገለጠች።

መስታወቱ ውስጥ ያየችው ጀርባ ነበር። ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ትከሻው የተስተካከለ፣ ዚፑ እንደ አከርካሪ መሃል ለመሃል የወረደ፤ የሚያምር ጀርባ። ሰው የራሱን ጀርባ ሳያይ ይሞታል ይባላል፤ ይኸው አየሁት አለች በልቧ፣ ደስ ብሏት። ከዚያ ጀርባው መራመድ ጀመረ። ከመስታወቱ ወጥቶ፣ ከቤቱ መሃል ሆኖ፣ ቦርሳዋን ከሚስማሩ አነሣ፤ ስልኳን ከአልጋው ላይ፣ ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ ወሰደ። ፊቱን አላዞረም። በሩ ተዘጋ፤ ቁልፉ ከውጭ ዞረ። ትርንጎ ወደ ታች ብታይ በውስጥ ልብሷ ብቻ ቆማለች፤ ክንዷ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ሙቀት አልቀረም።

መስኮቱ ጋ ሄዳ ተጣራች። እትዬ ከድጃ ከበርበሬያቸው ቀና ብለው ወደ መስኮቱ አዩና ነጠላቸውን ጠቅለል አድርገው «ይሄ ንፋስ ደግሞ» አሉ።

ጉሙ በሰዓቱ መጣ። ቆርቆሮውን ሸፈነ፣ በርበሬው ተነሣ፣ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ብርሃን ግራጫ ሆነ። ትርንጎ መኪናው ፊት ተቀምጣ ስትጠብቅ፣ የጊቢው በር ሲጢጥ ሲልና ሳቅ ሲገባ ሰማች።

«አንቺ ባትኖሪ ፎቶው ምን ይሆን ነበር!» ይላል የሃያት ድምፅ። «ጭፈራውንስ! እስከዛሬ የት ተደብቀሽ ነው?»

«ትርንጎዬ፣ ኧረ እንዴት አምሮብሻል!» ይላሉ እትዬ ከድጃ። «ቱታ ብዬ የሰደብኩትን ይቅር በይኝ።»

ቁልፉ ዞረ። እዚህ ቤት ማታ ሰው መጥቶ በር ከፍቶ አያውቅም ነበር፤ ትርንጎ እየፈራች እንኳ፣ በሩ ሲከፈት ደስ አላት፤ ይህን ለማንም አትናገረውም። ተነሥታ ቆመች።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አለች።

የገባችው ጫማዋን በሩ ሥር አወለቀች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ስልኳ ሲጠራ አነሣችው።

«ገብቻለሁ ሃያትዬ፤ ኧረ አልፈራም፣ ለምጄዋለሁ እኮ» አለች በትርንጎ ድምፅ፣ የቆመችውን ትርንጎን ዓይን ዓይኗን እያየች፤ «ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም።»