የግድግዳው ፊሽካ

መርማሪዋ በዚያ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ሸሚዟን ተኮሰች፣ ሻይዋን ቆማ ጠጣች፣ በሚያንጠባጥበው የወጥ ቤት ቧንቧም ከእናቷ ጋር ተጨቃጨቀች።

«የሰው ምስጢር ስታነፈንፊ ትውያለሽ፤ የገዛ ቤትሽ ቧንቧ ግን አቃተሽ» አሉ እናቷ።

«ቧንቧ አይናዘዝማ፣ እማዬ።»

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነበር። ሊከፈት ጥቂት ቀን በቀረው የስፖርት መጫወቻ ባር ውስጥ አንድ ሰው ሞቶ ተገኝቷል። ሟቹ የባሩን አርማ፣ ቀለምና የግድግዳ ሥዕል የሚሠራው ዲዛይነር ነበር።

ስትደርስ ሰውየው ከግድግዳው ሥር ተዘርግቷል። መሰላሉ በላዩ ወድቋል፤ ሸሚዙ ውስኪ ውስኪ ይሸታል። ከበላዩ ከመስኮቱ እስከ በሩ የሚደርስ አንድ ትልቅ ቀይ ፊሽካ ተስሏል።

«ጠጣ፣ ወጣ፣ ወደቀ» አለ ሳጅኑ። «ከምሳ በፊት ዶሴውን እንዘጋዋለን።»

መርማሪዋ ወደ ቀለሙ ዕቃ ጎንበስ አለች። ብሩሹ ታጥቦ ጠርሙስ ውስጥ ቆሟል። የቀለሙ ቆርቆሮ ግጥም ተደርጎ ተከድኗል።

«ብሩሹን አጥቦ መሰላል የሚወጣ ቀለም ቀቢ አይተህ ታውቃለህ?»

«ሰካራም የማያደርገው ምን አለ?»

«ብሩሽ አያጥብም።»

ከማጅራቱ በላይ ያለው ቁስል ቀጭንና ረጅም ነበር፤ ወለል እንዲያ አይመታም። ጥግ ላይ የተደረደሩት የፑል ዱላዎች ሁሉ አቧራ ለብሰዋል፤ አንዱ ብቻ ተወልውሏል። መርማሪዋ አዳራሹ እንዲታሸግ፣ ማንም እንዳይገባ አዘዘች። የኋላውን በር ቁልፍ ከሟቹ ሌላ የያዙት ሦስት ሰዎች ሲሆኑ፣ ሦስቱም በጓሮው ቢሮ ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር።

መጀመሪያ የገባው ባለቤቱ ነው።

«እኔ ነኝ ያገኘሁት። ትናንት በምሳ ሰዓት ትቼው ስወጣ ግድግዳው ባዶ ነበር። ዛሬ ጠዋት የፊቱን የብረት መዝጊያ ሳነሳው ፀሐይ ገባ። መጀመሪያ ያ ቀይ ፊሽካ ታየኝ፤ ከሥሩ ደግሞ እሱ። ለመሆኑ ቅዳሜ መክፈት እንችላለን?»

«ሰው ሞቷል እኮ።»

«እሱማ ነፍስ ይማር። ግን ጥሪ በትነናል። ደግሞ እኮ ያዘዝኩትን አልሠራም። ኳስ፣ ዋንጫ፣ የቦክስ ጓንትና ፈረስ አድርግበት ብዬው አንድ ፊሽካ ብቻ!»

«ፈረሱ ምን ሊሠራ?»

«ፈረስ ስፖርት አይደለም እንዴ?»

መርማሪዋ ያን ጊዜ ለሟቹ አዘነች። ከእንዲህ ያለ አሠሪ ጭንቅላት ውስጥ አንድ ንጹሕ መስመር ማውጣት ራሱ ድካም ነው።

ቀጥሎ ሁሉም «ካፒቴን» የሚሉት የድሮ ተጫዋች መጣ። ሆዱ ቀድሞት ገባ።

«ስሜም ፊቴም አርማው ላይ እንዲወጣ ተስማምተን ነበር። ልጁ ግን ‹ፊትዎ አንሶ ሲታተም ድንች ይመስላል› አለኝ።»

«ተናደዱ?»

«የማይናደድ ማን አለ? ግን ትናንት ከሰዓት በኋላ የታዳጊዎች ዋንጫ ስሸልም፣ ማታም ግብዣቸው ላይ ነበርኩ። ከዋንጫው ይልቅ እኔን ነው ፎቶ ሲያነሱ የዋሉትም ያመሹትም።»

አመነችው። ራሱን እንዲህ የሚወድ ሰው ካሜራ ጥሎ የትም አይሄድም።

ሦስተኛው የባለቤቱ ሚስት ወንድም፣ የባሩ አማካሪ ነው። «ብራንድ» የምትለዋን ቃል እንደ ማስቲካ ያላምጣታል።

«ያሳዝናል። ግን እውነቱን ልንገርሽ? የብራንዱ ራዕይ አልገባውም። ግድግዳ ሙሉ ጥቁር ፊሽካ! የስፖርት ቤት ነው ወይስ የሐዘን ቤት?»

«መቼ አዩት?»

«እኔ?» የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ። «ከሰኞ ወዲህ እዚህ አልረገጥኩም፤ ዛሬም በኋላው በር ቀጥታ ወደ ቢሮው ነው የገባሁት። የእህቴ ባል ነው የነገረኝ።»

መርማሪዋ አመሰገነችው። በጣም አመሰገነችው።

የሟቹ ሚስት ኮሪደሩ ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም።

«እህቴ፣ ሰክሮ ሞተ ይላሉ። ልጄ ትምህርት ቤት ይህንን ልትሰማ ነው?»

«ይጠጣ ነበር?»

«ጨጓራው መጠጥ አያስጠጋውም።»

«ሥራ ሲጨርስ ምን የማድረግ ልማድ ነበረው?»

«ብሩሹን ያጥባል። ከዚያ በርና መስኮት ዘግቶ፣ እንግዳው በሚቀመጥበት መብራት ሥራውን ያያል። ካላየ አይተኛም።»

«የተጣላውስ ሰው ነበር?»

«አማካሪው። የመጀመሪያውን አርማ ከሌላ አገር ባር እንዳለ ገልብጦ ‹የኔ ነው› ብሎ እንዳቀረበ ባሌ ደርሶበታል። ‹ነግሬዋለሁ፤ እሱ ካልተናገረ እኔ ለባለቤቱ እናገራለሁ› ብሎኝ ነበር።»

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሁሉንም ወደ አዳራሹ አስገባቻቸው። ፊሽካው በቀን ብርሃን ቀይ ሆኖ ፊታቸው ቆሟል። አማካሪው አንዴ ቀና ብሎ አየውና ወለሉን ማየት ጀመረ።

«መዝጊያውን አውርደው» አለችው ሳጅኑን። «አሁን የጠረጴዛዎቹን መብራት አብራ።»

ሜዳ እንዲመስል ባለቤቱ ያስገጠማቸው አረንጓዴ መብራቶች በሩ። ግድግዳው አረንጓዴ ሆነ፤ ፊሽካው ከሰል መሰለ።

«ቀዩ የት ሄደ?» አለ ባለቤቱ።

«የትም አልሄደም። በአረንጓዴ መብራት ቀይ ቀለም ይጠቁራል። ፊሽካው የተሳለው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ሰውየው ሥራውን ጨርሶ ብሩሹን አጠበ፤ እንደ ልማዱ ቤቱን ዘግቶ እነዚህን መብራቶች አበራ። ቆሞ ሲያይ ነው ከኋላው በዱላ የተመታው። ገዳዩ ውስኪ አፈሰሰበት፣ መሰላሉን ጣለበት፣ መብራቱን አጥፍቶ በኋላው በር ወጣ። ፊሽካውን በፀሐይ አላየውም። ስለዚህ ለሱ ጥቁር ነው።» ወደ አማካሪው ዞረች። «ለእርስዎም ጥቁር ነበር።»

«የእህቴ ባል ነግሮኝ ነው አልኩሽ እኮ።»

«ምን ብለው ነገሩት?» አለችው ባለቤቱን።

«በስልክ ‹ሰውየው ሞቷል፣ ቶሎ ና› ነው ያልኩት። ስለ ፊሽካ ምን አነሳሁ? ባነሳስ ያየሁት ቀይ አይደል?»

ካፒቴን ከአማካሪው አጠገብ ቀስ ብሎ ራቅ አለ።

«አንድ ቀለም ቀቢ» አለ አማካሪው፣ «በቤተሰቤ ፊት ሊያዋርደኝ!»

«ለዚያስ ራስዎ ይበቁ ነበር» አለች መርማሪዋ።

ሳጅኑ አማካሪውን ይዞት ሲወጣ ባለቤቱና ካፒቴን ተከትለዋቸው ሄዱ፤ ባለቤቱ በሩ ላይ ስለ ቅዳሜ ሲጠይቅ ይሰማል። የሟቹ ሚስት ብቻ ቀረች።

«ሰክሮ አልነበረም ብለሽ ትጽፊዋለሽ?»

«እጽፈዋለሁ። ለልጅሽም ራሴ መጥቼ እነግራታለሁ።»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን አነሳች። ልጇ ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ሰዓት ደርሶ ነበርና ልትቀበላት ሄደች። ከእንግዲህ እቤት የሚጠብቃት አባት የለም።