የዋንጫው ቀን ፊርማ

አዛውንቱ በጨረታ ቤቱ የዕቃ ክፍል ወለል ላይ በጀርባቸው ተዘርረው ነበር። አጠገባቸው አንድ የብረት መሰላል ወድቋል። በእጆቻቸው የቤቱ ደንብ የሚያዝዘውን ነጭ የጥጥ ጓንት አጥልቀዋል። ጨረታው ሊከፈት ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። የአንድ እግር ኳስ ቡድን የትጥቅ ኃላፊ ሆነው በሠሩባቸው አርባ ዓመታት ከየመልበሻ ክፍሉ ያሰባሰቧቸው በካታሎጉ ቆጠራ ሺህ ሁለት መቶ የሆኑ የተጫዋቾች የፊርማ ካርዶች፣ ከኮሪደሩ ማዶ ባለው አዳራሽ፣ በመስታወት ሥር ተደርድረው ገዥ ይጠብቃሉ።

የፖሊስ መርማሪዋ ደርሳ ክፍሉን ቃኘች። ሐኪሙ የሟቹ የማጅራት አጥንት መሰበሩን ነገራት። ዘበኛው ደግሞ በዚህ ዕድሜ መሰላል መውጣት ምን ይሉታል እያለ አጉረመረመ። እሷ የመሰላሉን መወጣጫ በጣቷ ዳበሰችው፤ ጣቷ በጥቁር ቅባት ተለወሰ። ጎንበስ ብላ የሟቹን ጓንት አየች፤ ጓንቱ ነጭ እንደ ሆነ ነው። ከዚያ ግድግዳውን ተጠግቶ ወደ ቆመው የብረት ቁም ሣጥን ዞረች። አቧራ ለብሷል፤ አንድ ጠርዙ ብቻ ተወልውሎ ያበራል።

«መሰላሉን ማንም አይንካው» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። የሚያውቋት ባልደረቦቿ ግን ድምፅዋ በቀነሰ መጠን ቁጣዋ እንደሚጨምር ያውቃሉ።

ዘበኛው ማለዳውን በሙሉ ወንበር ከሚያራግፉ ሠራተኞች ጋር በዋናው በር ነበረ። ከእሱ ውጭ በሕንጻው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው።

አንደኛዋ የሟቹ ልጅ ናት። አባቷን በመኪና ያመጣቻቸው እሷ ነበረች። ዘበኛው ሁለቱ በግቢው ውስጥ ሲጯጯሁና እሷ «ይቃጠል!» ስትል ሰምቷል፤ ፖሊሶቹም ዐይናቸውን ከእሷ ላይ አላነሡም። በእንግዳ መቀበያው ክፍል ጉልበቷ ላይ የተጨማደደ ካታሎግ ይዛ ተቀምጣለች።

«ብያለሁ፤ አልክድም» አለች። «ዕድሜ ልኬን ያ ወረቀት ቤታችንን ሲበላ ኖረ። ለአልበሞቹ ቦታ ጠፍቶ የእናቴ አልጋ ኮሪደር ወጥቷል። ይሸጥልን ብዬ ስንት ጊዜ ለምኜው እሺ አለ። ትናንት ይሄ ካታሎግ መጣለት፤ ዛሬ ጠዋት ተነሥቶ ጨረታው ይቅር አለኝ።»

«ለምን እንደሆነ ነገሩሽ፣ እህቴ?»

«አልጠየቅኩትም። ተናድጄ ነበር።»

ቀጥላ የተናገረችው ለመርማሪዋ ሳይሆን ለራሷ ይመስል ነበር። ቡድኑ ሲሸነፍ አባቷ ቤት የሚገቡት እሷ ከተኛች በኋላ ነው፤ አባት የነበራት ባሸነፉ ቀን ብቻ ነው። መርማሪዋ ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ካታሎጉንም ተቀበለቻት። የመጀመሪያው ገጽ የጨረታውን ፈርጥ ያሳያል፤ ዋንጫው በተነሣበት ዕለት ዐሥራ አንዱም ተጫዋቾች የፈረሙበት ካርድ ነው። ከሥዕሉ ሥር አንድ ሰው በጥፍሩ ወረቀቱ እስኪቀደድ ጭሮበታል።

ሁለተኛው የጨረታ ቤቱ የፊርማ ገምጋሚ ነው፤ ልብሱ የተተኮሰ፣ ንግግሩ ከወረቀት የሚነበብ የሚመስል ሰው። ስብስቡን ተረክቦ ያዘጋጀው ብቻውን እንደ ሆነ ገለጸ። አዛውንቱ ወደ ቢሮው የመጡት ባዶዎቹን አልበሞች ከላይኛው መደርደሪያ አውርደው ሊሰናበቷቸው ነበር አለ።

«‹የዋንጫው ዕለት ልጆቹ እየጨፈሩ ሲፈርሙልኝ ትናንት ይመስለኛል› አሉኝ። ዐይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ሰጠኋቸው። ምነው እጄን በቆረጠው።»

«ኳስ ይወዳሉ?» አለችው።

«እኔ የቀለምና የወረቀት ሰው ነኝ። ስታዲየም ገብቼ አላውቅም።»

ሦስተኛው በጉብዝናቸው ዘመን «ግድግዳው» የተባሉት የቡድኑ የቀድሞ በረኛ ናቸው። ሳይቀመጡ መናገር ጀመሩ።

«አምስት ጎል ገብቶብኝ እያለቀስኩ ነው ያስፈረመኝ። የኔን ውርደት ማንም ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ ሊሰቅለው? ካርዴን መልስ ልለው መጣሁ። አንገቱን ላንቀውም አስቤ ነበር።»

«አነቁት፣ ጋሼ?»

«የት አግኝቼው፣ ልጄ? ሽንት ቤት ስፈልግ ሕንጻው ውስጥ ጠፋሁ። ድሮም ከጎሌ ከወጣሁ መመለሻው ይጠፋኝ ነበር።»

መርማሪዋ ፈገግ አላለችም። ሟቹ በዚያ በመጥፎ ቀን ለምን እንዳስፈረሟቸው ጠየቀች።

«እሱ የሚመጣው ሰው ሲሸነፍ ብቻ ነዋ። ያሸነፈ ለሕዝብ ይፈርማል፤ የተሸነፈ ግን የራሱን ስም ይጽፋል ይል ነበር። ስናሸንፍማ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ውልቅ ነው።»

ገዥዎቹ ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ተነገራቸው። ከሰዓት በኋላ ሦስቱም በአዳራሹ፣ በባዶዎቹ ወንበሮች መካከል ተቀመጡ።

«የመሰላሉ መወጣጫ ቅባት ነው፤ ጓንቱ ግን ንጹሕ ነው» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ሟቹ መሰላሉን አልነኩም። ቁም ሣጥኑ አቧራ ለብሶ አንድ ጠርዙ ብቻ ተወልውሏል። ማጅራታቸው ያረፈው እዚያ ነው። የገፋቸው ሰው ደሙን ጠርጎ መሰላሉን አጠገባቸው አጋደመ። እስከዚህ ድረስ ሦስታችሁም እኩል ናችሁ።»

ቀጥላ ባልደረቦቿ የዋሉበትን ሥራ አስረዳች። በየካርዱ ጀርባ የተጻፈውን ቀን ከጨዋታ ውጤቶች መዝገብ ጋር አስተያይተዋል። ሺህ አንድ መቶ ዘጠና ዘጠኙ ፈራሚዎቹ የተሸነፉባቸው ቀናት ናቸው። የድል ቀን አንድ ብቻ ነው፤ የዋንጫው።

«እህቴ፣ ያን ቀን አባትሽ የት ነበሩ?»

ልጅቱ ከወንበሯ ቀና አለች።

«ቤት። ቤታችን ከስታዲየሙ ጀርባ ነበር። ሬዲዮው ገና እየጮኸ መጣ። ብስክሌቴን ቢጫ ቀባልኝ። ሳይደርቅ ልንዳ ብዬ ቀሚሴን አበላሸሁ፤ እናቴ ሁለታችንንም ተቆጣችን።»

መርማሪዋ ወደ ገምጋሚው ዞረች። ድምፅዋ እጅግ ዝቅ ብሎ ነበር።

«እንግዲህ ሟቹ ያልነበሩበትን ጭፈራ እያለቀሱ አልነገሩዎትም። ያን ቃልም ካርዱንም የፈጠሩላቸው እርስዎ ነዎት፤ ሟቹ ካታሎጉን በጥፍራቸው የጫሩትም ለዚህ ነው። ልጃቸውና በረኛው ልማዳቸውን ያውቃሉ፤ ሐሰተኛ ካርድ ቢሠሩ እንኳ የድል ቀን አይመርጡም። እርስዎ ስለ ቀለም ሁሉን ያውቃሉ፤ ስለ ኳስ ግን ምንም።»

ገምጋሚው እጅጌውን አስተካከለ።

«ሽንፈት ማን ይገዛል?» አለ። «ስብስቡ ሙሉ የተሸነፈ ሰው ነው። አንድ ድል ጨመርኩላቸው እንጂ ምን ወሰድኩባቸው? አዳራሹ ሲሞላ ፎርጅድ ነው ብዬ እናገራለሁ አሉ። ስሜን ሊያጠፉት ነበር። ገፋኋቸው፤ መግፋት ብቻ ነው ያደረግኩት።»

በረኛው ከወንበራቸው ተነሡ፤ መርማሪዋ ክንዳቸውን ያዘች። ልጅቱ ግን ቀድማቸው ገምጋሚው ፊት ቆማለች።

«ከእኔ ላይ የተወሰዱ ቀኖች እዚህ ሞልተውልሃል» አለችው። «አንተ ግን ለውሸትህ የመረጥከው የኔን ቀን ነው።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ዞራ አላየችውም። መስታወቱን ከፈተች፤ አምስት ጎል የገባበትን ቀን ካርድ ፈልጋ ለበረኛው ሰጠቻቸው። ዘበኛው ከበሩ ላይ ሆኖ ጨረታው ለመቼ እንደ ተዛወረ ጠየቀ።

«ጨረታው ቀርቷል» አለችው።

«ለምን?» አላት ዘበኛው። ጠዋት እሷ አባቷን ሳትጠይቅ የቀረችው ይህንኑ ነበር።