ጉድጓዱ ላይ የቆመችው መኪና

ሰውየው የሞተው ከምሳ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ቁስል የለበት፣ ጭረት የለበት። ከአሮጌዋ መኪናው ሥር በተቆፈረው የጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ፣ የእጅ ባትሪው እንደበራ፣ በጎኑ ተኝቶ ተገኘ። ሐኪሙ «አየር አጥቶ ነው» አለ። በጉድጓዱ አፋፍ ላይ የብየዳ ማሽን ነበር፤ ከማሽኑ ኋላ ደረት የሚደርስ የጋዝ ሲሊንደር ቆሟል። ሁለቱን የሚያገናኘው ጎማ በወጉ ስላልጠበቀ ጋዙ ሾልኮ አልቋል። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ጉድጓድ ካገኘ ወርዶ እንደ ውሃ ይተኛል፤ ሽታም ቀለምም ስለሌለው፣ የገባበት ሰው ምን እንደነካው ሳያውቅ ይወድቃል።

ማሽኑ የሚስቱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን መገመት አያቅትም፤ የሰፈሩ ጣት ሁሉ ወደ እሷ ተቀሰረ። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ማስክ አጥልቃ ብረት ስትበይድ መክረሟ ድሮም ያላስደሰተው ሰው ሁሉ አሁን አፍ አወጣ።

በማግስቱ ጠዋት የምርመራ ክፍሉ አዛዥ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገው።

«ቸልተኝነት ነው። ጎማውን ሳታጠብቅ ሄደች፣ ባሏ ሞተ። እስከ ስድስት ሰዓት ፈርመሽ አምጪልኝ።»

«ለምን?» አለች መርማሪዋ።

መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «እትዬ ለምን» እያለ የሚጠራት በከንቱ አይደለም። አዛዡ በረጅሙ ተነፈሰ።

«የባለሙያ ቃል አለ። የሟች ታናሽ ወንድም ሠላሳ ዓመት የበየደ፣ የራሱ ጋራዥ ያለው ሰው ነው። ማሽኑን ከፍቶ መርምሮ የፈረመው እዚያው አለልሽ። ከሱ በላይ ማን ሊያውቅ ነው?»

«የሟች ወንድም የሟችን ሚስት ማሽን መረመረ ማለት ነው?»

«ሌላ በያጅ ከየት ላምጣ? እስከ ስድስት ሰዓት ብያለሁ!»

እትዬ ለምን ወረቀቱን ሳትፈርም አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጡረታ ሊወጣ አራት ወር የቀረው አለቃ ሲቆጣት እንደ ድሮው አያስደነግጣትም፤ እውነቱን ለመናገር ድሮም አያስደነግጣትም ነበር።

ጋራዡ ከቤቱ ጎን የተቀጠለ፣ በሩ የተጣመመና እስከ መጨረሻው የማይዘጋ ክፍል ነው። ነፋሱ እንዳሻው ይገባል፣ ይወጣል። መኪናዋ ቀለሟ ተፍቆ፣ ወንበሮቿ ወጥተው፣ በጉድጓዱ ላይ ቆማለች። ሚስትየው አንድ ፖሊስ አጠገቧ ቆሞ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ አንገቷን ግን አልደፋችም።

«እርስዎም እንደነሱ ሊጮሁብኝ ነው የመጡት?» አለች።

«እኔ መጠየቅ ነው የምችለው። ጋዙን ማን አመጣው?»

«እኔ አላመጣሁም። በጋዝ አልሠራም። ከትናንት ጀምሮ ይህንኑ ስናገር ጉሮሮዬ ደረቀ። ወንድምየው ደግሞ ሲሊንደሩን ካዋስኳት ወር ሞላ፣ ያለ ጋዝ ይህ ማሽን አይበይድም አለ። እሱ ሲናገር ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ እኔ ስናገር ሁሉም መሬት መሬት ያያል።»

«ማሽኑን እንዴት መረጡት?»

ሴትየዋ ቀና አለች። እንዲህ ብላ የጠየቀቻት የመጀመሪያዋ ሰው መርማሪዋ ሳትሆን አትቀርም።

«መጀመሪያ በኤሌክትሮድ፣ በተለመደው የብየዳ ዘንግ፣ ሞከርኩ። የመኪና ላሜራ ስስ ነው፤ ነካ ሳደርገው ቀዳዳ በቀዳዳ አደረግኩት። ባሌ ሳቀብኝ። ቢስቅም ግን ተይው አላለኝም። ሽቦ በራሱ የሚገፋ ማሽን ያስፈልጋል አለኝ። ከባሌ ታላቅ እህት ጋር ሱቅ ሄድን። የቤት ሶኬት የሚችለው፣ በትንሽ ኃይል የሚሠራ፣ ይህ በር እያለ ደግሞ ነፋስ የማይበግረው መሆን ነበረበት። ሁለት ወር ሙሉ በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ ተለማመድኩ። ይኸው!» ክንዷን ገልጣ የቃጠሎ ነጠብጣቦቿን አሳየች። «እሱ ዕድሜውን ሙሉ የተሽከርካሪ ብቃት ሲመረምር የኖረ ሰው ነው። ጠዋት የበየድኩትን ከምሳ በኋላ ጉድጓድ ገብቶ ያየዋል። ይህንን የማያውቅ ሰው በቤታችን የለም።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት የቀኙን ወለል ጨርሼ ነበር። ‹ዛሬ እንከን ካጣህበት ነገም ምሳ የምትሠራው አንተ ነህ› አልኩት። እየሳቀ ወረደ። ከዚያ ዘገየብኝ።»

እትዬ ለምን ጎንበስ ብላ ወለሉን አየች። መዶሻና የሽቦ ብሩሽ በማሽኑ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ዙሪያውን እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሱ ጥቋቁር ስብርባሪዎች ተበትነዋል። አንዱን በጣቷ ፈርከስ አደረገችውና ፖሊሱን ጠርታ ሲሊንደሩን አጋድሎ እንዲይዝላት ነገረችው። ሥሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«መልሰው» አለች በመጨረሻ። «በጥንቃቄ።»

ልብስ ሰፊው ጎረቤት የሚሠራው ከአጥሩ ማዶ ነው፤ የመኪናዋን ወንበር ልብስ የሚሰፋውም እሱ ነው። እንደ ተቀየመ ሰው አፉን አሹሎ ተቀበላት።

«ጠልተዋቸዋል ካሉኝ አልክድም፤ ጭሱ አሳበደኝ! የሙሽራ ልብስ እየሰፋሁ ጭስ በመስኮት ይገባል። ሄጄ ጮህኩባት። ‹ጋሼ፣ ሽቦው ሆዱ ውስጥ ዱቄት አለው፣ ጋዙን የሚተካው እሱ ሲቃጠል ነው፣ ለዚያ ነው የሚያጨሰው› ብላ አስረዳችኝ። መስኮትህን ዝጋ ማለቷ ነው እንግዲህ።»

«ይህንን ለፖሊስ ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«ሌላስ ያልጠየቅንዎት ነገር አለ?»

ሰውየው መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ። «ባለፈው እሁድ ሟች ጋራዡ ውስጥ ሲቆጣ ሰማሁ። ‹በልጆች ነፍስ ነው የምትጫወተው፣ እስከ መጪው ሰኞ ካላስተካከልከው እኔው ራሴ አመለክታለሁ› ሲል። ከማን ጋር እንደሆነ አላየሁም። እነሱ ልጅ የላቸውም፤ የማን ልጆች እንደሆኑ ግራ ገባኝ።»

እዚያው ቤት የምትኖረው የሟች ታላቅ እህት ሳሎን ውስጥ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ወንድሟን ዛሬ በማለዳ ቀብራ ብትመለስም ምላሷ አልደከመም።

«ወንድሜን በላችው! ሴት ልጅ ከብረት ምን አላት? ማሽኑን የገዛች ዕለት ሱቅ ይዛኝ ሄዳ፣ ሻጩ ይህ ነፋስ አይፈራም፣ ያ ጋዝ ይፈልጋል፣ ይህ አይፈልግም እያለ ሲለፈልፍ እግሬ እስኪያብጥ አቆመችኝ።»

«የገዛችው የትኛውን ነው?»

እህትየዋ ልትመልስ አፏን ከፈተችና ዘጋችው። «እኔ በያጅ ነኝ እንዴ? ወንድሜን ጠይቂው፤ ባለሙያው እሱ ነው።»

«ትናንት በምሳ ሰዓት ግቢ ውስጥ የገባ ሰው ነበር?»

«ማንም አልገባም» አለች ቶሎ ብላ። እትዬ ለምን መስኮቱን አየች፤ ከወንበሩ ላይ የጓሮው በር ወለል ብሎ ይታያል። ወጥታ ስልኳን አነሳችና አንድ ባልደረባዋን ወደ ወንድምየው ጋራዥ ላከች። ምን እንደሚፈልግላትም ነገረችው።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሁሉም በጋራዡ ውስጥ ቆሙ። አዛዡ ሰዓቱን እያየ በራሱ መኪና መጥቷል። ወንድምየው ሰፊ ትከሻውን በር ላይ አስደግፎ፣ ሐዘኑንም ሙያውንም አንድ ላይ ተሸክሞ ቆሟል።

«ለሁላችንም ያስረዱን» አለችው እትዬ ለምን በትህትና። «ያለ ጋዝ ቢበየድ ምን ይሆናል?»

«ወንፊት ይሆናል። አረፋ ያወጣል። በጣት ይነቀላል።»

«ማሽኑን ከፍተው አይተውታል?»

«ፈርሜ የለ እንዴ! መደበኛ የጋዝ ሽቦ ነው የገባበት። ይህች እኮ ጀማሪ ናት፤ ሽቦና ጅማት የማትለይ።»

እትዬ ለምን ሲሊንደሩን ከማሽኑ ነቅላ ወደ ሚስትየው ዞረች። «ይበይዱልን።»

አዛዡ «ይህ ቲያትር ነው እንዴ?» አለ። ሴትየዋ ጓንቷን አጠለቀች፣ ማስኳን ደፋች፣ ሁለት ቁራጭ ላሜራ ገጠመች። ሰማያዊ ብርሃን ፈነጠቀ፤ ጭሱ ተነሳ፤ ልብስ ሰፊው ከልማድ የተነሳ አሳለ። ስትጨርስ የተበየደው መስመር በጥቁር ቅርፊት ተሸፍኖ ነበር። በመዶሻ መታ መታ አድርጋ በብሩሽ ስትፈቀው ከሥሩ ድፍን ያለ ስፌት ወጣ። ብረቱን እንደጋለ ለአዛዡ አቀበለችው፤ አዛዡ ጣለው።

«ይንቀሉታ በጣትዎ!» አለችው አዛዡን።

እትዬ ለምን የማሽኑን ጎን ከፈተች። በሽቦው ጥቅል ላይ «ያለ ጋዝ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለ። የወንድምየው ፊት አመድ መሰለ፤ ግን ቶሎ ተመለሰ።

«ተሳስቻለሁ» አለ። «ሐዘን ላይ ነበርኩ፤ ሳልከፍት ፈረምኩ። መሳሳት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። እስቲ ስህተቱን እንከተለው። ይህንን ሲሊንደር ያሰረው ሰው ሚስትየዋ ረስታ እንደተወችው ለማስመሰል ነው ያሰረው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ማሽኑ በጋዝ እንደሚሠራ ማመን አለበት። ጋሼ ጎረቤት እንደማይሠራ ያውቃሉ፤ ጭሱ አስተምሯቸዋል። እህትየዋ ያውቃሉ፤ ሱቅ ውስጥ ቆመው ሰምተዋል። የማሽኑ ባለቤት ራሷማ ታውቃለች። በዚህ ቤት የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የበየደው። ለምን አላወቀም? የሷን ሥራ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ስላላየ። ንቀት ዓይን ይጋርዳል፤ እርስዎንም የጋረደዎት እሱ ነው።»

«ሲሊንደሩን እኔ አዋስኳት አልኩ እንጂ አሰርኩት አላልኩም! ካዋስኳት ወር ሆኖታል!»

«ጥሩ፣ ወር ሆኖታል።» ፖሊሱ ሲሊንደሩን አነሳ። ሥሩ በነበረበት ቦታ ጥቋቁር ቅርፊቶች ተፈጭተው ክብ ሠርተዋል። «ይህ የትናንት ጠዋት ሥራዋ ነው፤ የቀኙን ወለል ስትጨርስ ያረገፈችው። ወር የቆመ ነገር ሥር የትናንት ቅርፊት እንዴት ይገባል? ሲሊንደሩ የመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ባልና ሚስት ምሳ ላይ ሳሉ ነው።»

«ለምን ብዬ? ወንድሜ ነው እኮ!»

«ጋራዥዎ ውስጥ ሻንሲው የተሰነጠቀ የትምህርት ቤት አውቶቡስ አለ። ስንጥቁን በስቱኮ ሞልተው ቀለም ቀብተውበታል። ባልደረባዬ አሁን በቢላ ልጦት ደወለልኝ። ወንድምዎ አይቶት ነበር፤ እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥቶዎት ነበር።»

ወንድምየው ወደ እህቱ ዞረ፤ በዚህ ቤት የቀረችለት ወገን እሷ ናት። እህትየዋ ግን እሱን አላየችውም። የወለሉን ጥቁር ክብ ነበር የምታየው።

«ሸፋፍነህ በጋሪ ነው ያመጣኸው» አለች ድምፅዋ ተቆራርጦ። «በመስኮት አይቼሃለሁ። ‹ላሜራ ነው፣ እንዳትነግሪያት፣ ድንገት ላስደስታት ነው› አልከኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ይኸው ሊታረቁ ነው ብዬ… አንተ! አብረን አይደለም ወይ የቀበርነው? አብረኸኝ አልቅሰህ!»

ወንድምየው ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው እንኳ ያየው ማሽኑን ነበር፤ አሁንም ያላመነ ይመስል።

ሲወስዱት አዛዡ ጉሮሮውን ጠረገና ሰዓቱን ለመጨረሻ ጊዜ አየ። «ያንን ወረቀት ቀይሪው» ብሎ ወጣ። እህትየዋ በሩ ላይ ተንበርክካ «ይቅር በይኝ» አለች። ሚስትየው አላነሳቻትም፤ አልገፋቻትምም።

«ዛሬ አትጠይቂኝ» አለቻት። «ዛሬ አቅም የለኝም።»

ከዚያ ወደ እትዬ ለምን ዞረች። አንቱታውን እዚያው ጣለችው።

«እህቴ፣ በሪፖርትሽ ላይ አንድ ነገር ጻፊልኝ። ብየዳው ደህና ነው ብለሽ።»

«ለክሱ እኮ አያስፈልግም።»

«ለክሱ አይደለም። ትናንት ሊያየው የወረደው ስፌት ነው፤ ሳያየው ሞተ። አንድ ሰው ሊያየው ይገባል።»

«እኔ ብየዳ አላውቅም።»

«ቀዳዳ ታውቂያለሽ። እኔ ከላይ ባትሪ አበራለሁ፤ ብርሃን ካየሽ ንገሪኝ።»

ጉድጓዱ ከትናንት ጀምሮ ተናፍሷል። እትዬ ለምን ጫማዋን አውልቃ በመሰላሉ ወረደች። ከበላይዋ፣ መኪናዋ ውስጥ፣ ሴትየዋ ተንበርክካ ባትሪውን በስፌቱ ላይ ስትጎትተው ይሰማል። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ክንድ ተኩል ያህል፣ ጨለማው አንድ ቦታ እንኳ አልተበሳም።

«ምንም አላይም» አለች ከሥር።

«ደግመሽ እዪ!»

ደግማ አየች። «ምንም። ድፍን ነው።»

ወጥታ በጉልበቷ ላይ ጻፈችው፦ የቀኙ ወለል ብየዳ ታይቷል፣ እንከን የለውም። ሴትየዋ ወረቀቱን ተቀብላ ሁለቴ አነበበችው፤ ከዚያ ከትናንት ጀምሮ ማንም ያላየባት እንባ ዘረገፈች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ባሏን በስሙ እየጠራች አለቀሰች። ፖሊሶቹም ልብስ ሰፊውም የሚገቡበት ጠፋቸው።

ፊቷን በጓንቷ ጀርባ ጠረገችና ማስኳን አነሳች።

«በሉ አሁን ውጡልኝ» አለች እያለቀሰች። «የግራው ወለል ገና አልተበየደም።»