በፊውዝ ፈንታ የገባ ሚስማር

በጣሊያን ጊዜ፣ የጣርማ በር ዋሻ ተከፍቶ ካሚዮኖች ከቆላው ወደ ደጋው መመላለስ በጀመሩበት ዘመን፣ ጀውሃ ውስጥ ሳልህ የሚባል ሾፌር ይኖር ነበር። የነጋዴውን የአብዱረዛቅን አሮጌ ካሚዮን ይነዳል። ከአጣዬ ማሽላ ጭኖ ሸዋ ሮቢት ያራግፋል፤ ጨው ጭኖ ይመለሳል። የመሪ አያያዙን ሰው ሁሉ ያደንቅለታል። ታዲያ ይህ አድናቆት ክፉ ልማድ አስተማረው፤ "አላውቅም" የምትል ቃል ከአፉ አትወጣም።

አንድ ቀን የካሚዮኑ የፊት መብራት ጠፋ። ፊውዙ ተቃጥሎ ነበር። ፊውዝ ማለት ኤሌክትሪኩ ከልክ ሲያልፍ ራሷ ቀድማ ተቃጥላ ሌላውን የምታድን ቀጭን ሽቦ ናት። ሳልህ ለምን እንደተቃጠለች አልጠየቀም፤ በቦታዋ ሚስማር ሰካ። መብራቱ ለጥቂት ጊዜ በርቶ፣ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ አወጣና ድርግም አለ።

"ሳልህ፣ ይኼን መብራት ምነው ዝም አልከው?" አለው አብዱረዛቅ።

"ጋሼ፣ እኛ የምንሄደው በቀን፤ የምንሄደውም በሜዳ። መብራት ምን ያደርግልናል? ደግሞ የአሮጌ መኪና ሽቦ ጂኒ አለበት። ሲያሻው ይበራል፣ ሲያሻው ይጠፋል።"

አብዱረዛቅ ስቆ ተወው። ንብረቱ ነውና አጥብቆ መጠየቅ ይገባው ነበር፤ ግን ካሚዮኑ እስከሄደ ድረስ ግድ አልሰጠውም።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ተክሌ የተባለ የቀወት ገበሬ ምጥ የጠናባትን ሚስቱን አስካለን በቃሬዛ አሸክሞ መንገድ ዳር፣ ካሚዮኑ ከቆመበት ከሳልህ ደጅ ደረሰ። አዋላጅዋ እትዬ ጌጤ አብረው መጥተዋል።

"ወንድሜ ሳልህ፣ ድረስልኝ!" አለ ተክሌ፤ ላቡ በፊቱ ይወርዳል።

"ልጁ በአግድም ነው የተኛው" አሉ እትዬ ጌጤ። "ስንቷን አዋልጃለሁ፤ ይኼ ግን ከእኔ አቅም በላይ ነው። ደብረ ብርሃን ሐኪም አለ ይላሉ። ሳይመሽ አድርሷት።"

ሳልህ ደነገጠ። ደብረ ብርሃን ለመድረስ በዋሻው ማለፍ ግድ ነው። ዋሻው ደግሞ በቀትርም ጨለማ ነው፤ በሩ ላይ የቆመው ዘብ መብራት የሌለውን መኪና አያሳልፍም። በዚያ ጠዋት ሌላ መኪና በአካባቢው አልነበረም።

"አሁን አበራዋለሁ፤ ቀላል ነው" አለና የሞተሩን ክዳን ከፈተ። መብራቱን በጡጫ መታው። ያገኘውን ሽቦ ሁሉ ጎተተ፣ ጠመዘዘ። በመጨረሻም ከበፊቱ የወፈረ ሚስማር ሰካ። ወዲያው ከካሚዮኑ ወለል ስር ጭስ ተነሳ፤ እሳትም ብልጭ አለ። የሳልህ ሚስት ዘምዘም ከቤት ሮጣ ወጥታ የባትሪውን ገመድ ነቀለችና እሳቱን በአሸዋ አጠፋችው። አስካለ ቃሬዛዋ ላይ ታቃስታለች።

"ጂኒው ነው አላልኳችሁም?" አለ ሳልህ።

"ጂኒውን ተወውና እውነቱን ንገረኝ" አለችው ዘምዘም በለሆሳስ። "ይኼን ነገር ታውቀዋለህ?"

"ስንት ዓመት የነዳሁት መኪና..."

"መንዳቱን አልጠየቅኩህም። እትዬ ጌጤ በሰው ሁሉ ፊት ከአቅሜ በላይ ነው አሉ። ማን ናቃቸው? እንዲያውም እሳቸው ስለተናገሩ ነው ይቺ ሴት እዚህ የደረሰችው። የሰው ነፍስ በእጅህ ነው ሳልህ።"

ሳልህ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ወላሂ አላውቀውም" አለ። ያቺ ቃል ከአፉ ከወጣች በኋላ ግን ከደረቱ ላይ ድንጋይ የተነሳለት ያህል ቀለለው።

"እንግዲያው ከመጀመሪያው ጀምር" አለችው።

እንደ ጀማሪ ከባትሪው ጀመረ። ከኋላ መብራት ትንሽ አምፖል ፈታና ሁለት ሽቦ አሰረላት። ዘምዘም የባትሪውን ገመድ መልሳ ስትይዝለት፣ አንዱን ሽቦ ከካሚዮኑ ብረት፣ ሌላውን ከባትሪው ጫፍ አገናኘ። አምፖሏ በራች። የሽቦውን ጫፍ እያዛወረ እስከ ፊውዙ መግቢያ ድረስ ሲፈትሽም በራች። "እስከዚህ ድረስ ጤነኛ ነው" አለ። ችግሩ ከፊውዙ ወዲያ መሆኑን ሲረዳ፣ ባትሪውን አስነቅሎ ከካሚዮኑ ስር ተጋደመና ሽቦውን በጣቱ እየዳሰሰ ተከተለው።

ከወለሉ ስር፣ ሽቦው በሾለ ብረት ላይ በሚያልፍበት ቦታ ጣቱ ቆመ። መንገዱ ባንገጫገጨው ቁጥር ብረቱ የሽቦውን ልባስ ሲገዘግዘው ኖሮ መዳቡ ወጥቶ ከብረት ጋር ይነካካል።

"አገኘሁት!" ብሎ ጮኸ። "ጂኒ የለም! ፊውዟ የተቃጠለችው ይኼን ልትነግረኝ ነበር፤ እኔ አፏን በሚስማር ዘጋሁት!"

የተቃጠለውን ቆርጦ ደህና ሽቦ ቀጠለ፤ ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ቆርጦ ጠቀለለበት፤ ከሾለው ብረትም አርቆ አሰረው። ሚስማሩን ጥሎ በቦታው እንደ ፊውዝ ቀድሞ የሚቃጠል ቀጭን የመዳብ ክር አስገባ። ዘምዘም ባትሪውን ስታገናኝ ሁለቱም መብራቶች ቦግ አሉ። ተክሌ እንባውን መያዝ አልቻለም። "አልሃምዱሊላህ!" አለ ሳልህ፤ አስካለን ጭነው ሄዱ።

ዋሻው በር ላይ ዘቡ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። ሳልህ መብራቱን አበራ። ዘቡ ሁለቱንም አይቶ እለፍ አለ። ካሚዮኑ የዋሻውን ጨለማ ሰንጥቆ ወደ ደጋው ብርሃን ወጣ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ሐኪሙ ዘንድ ደረሱ። አስካለ በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች።

እናትና ልጅ አገግመው ሲመለሱ የጀውሃ ሴቶች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በእልልታ ተቀበሏቸው። አብዱረዛቅ በሕዝቡ መካከል የሳልህን እጅ ይዞ፣ "ስቄ በማለፌ እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ከእንግዲህ የተበላሸ ነገር ይዞ መንገድ መውጣት የለም" አለ።

ሳልህም በአካባቢው ላሉት ሾፌሮች ሁሉ ያንን የሽቦ ፍለጋ አስተማረ። ትምህርቱን ሲጀምር ሁልጊዜ መጀመሪያ፣ "አላውቅም በሉ" ይላቸው ነበር። ሲስቁ ግን አይቆጣም፤ ስቀው እስኪጨርሱ ይጠብቃቸዋል።

ወገኖቼ፣ ብልሽት ሲጀምር ድምፁ ትንሽ ነው። ያንን ድምፅ ለጊዜው ዝም ባሰኘነው ቁጥር ዕዳውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ከእኛ ይልቅ በእኛ የተማመነ ሰው ነው። አላውቅም ማለት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው፣ ሳያውቁ እንደሚያውቁ ሆኖ የሰው ነፍስ ጭኖ መንዳት ነው።