መቀመጫዋ የጠፋ ነጭ ማሰሮ

ሀብተማርያም የሞተው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ባለው የሸክላ ሥራ ቤት፣ ከመተኮሻው ምድጃ ሥር ነው። ጭንቅላቱ የምድጃውን የጡብ ማዕዘን መትቶ ተፈንክቷል። ዙሪያውን የነጭ ማሰሮ ስባሪ ተበትኗል። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች «ማሰሮውን እንደያዘ አዳልጦት ነው» ብለው ፋይሉን ሊዘጉት ነበር። መርማሪ ኸይሪያ ግን ነገር ቶሎ የሚዘጋላት ሴት አይደለችም። ወሎ ተወልዳ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ላይ ሃያ ዓመት ፖሊስ የሆነች፣ ዝም ብላ የምታይ፣ ስታይ ደግሞ ሰው የምታስጨንቅ ናት።

ተንበርክካ አንዱን ስባሪ በጓንት አነሳች። ወለሉን የነካው በኩል የፈሰሰ ደም ላይ አርፏል፤ ላዩ ግን ንጹሕ ነው።

«ሰውየው መጀመሪያ ወደቀ፤ ማሰሮዋ ቆይታ ተሰበረች» አለች። «የወደቀ ሰው ደግሞ ተነስቶ ማሰሮ አይሰብርም።»

ስባሪዎቹን ጠረጴዛ ላይ ገጣጠመቻቸው። አንገቷ አለ፣ ሆዷም አለ። መቀመጫዋ ግን የትም የለም።

የሥራ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሃን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ኮሪያዊት ናቸው። ሀብተማርያምን ዘጠኝ ዓመት አስተምረውታል። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ሁለት ትልልቅ ጎድጓዳ ሳህን ይሠራና አንዱ ባንዱ ላይ ይደፋል። መጋጠሚያው ወገቧ ላይ ይታያል፤ አንደብቀውም። ሰኞ ምድጃ ስትገባ ቀጥ ያለች ነበረች። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ስንከፍት በአንድ ጎኗ ዘመም ብላ ወጣች። ሀብቴ አለቀሰ።»

«ተበላሽታበት?»

«አምራበት! ነጭ ሸክላ ውበቱን የሚጨርስለት እሳት ነው። እኛ እንጀምራለን እንጂ አንጨርስም።»

«የተበላሸ ዕቃ በመዶሻ ይሰብራሉ አሉ።»

«እሰብራለሁ። ያችን ከምሰብር ግን እጄ ይቆረጥ!»

«መቀመጫዋ ሥር ምን ነበር?»

«የጥንት ባለሙያዎቻችን ስም አይጽፉም። እሱ ግን አስፈቅዶኝ በእናንተ ፊደል ጻፈባት። ምንድነው ብዬ ስጠይቀው፣ የእናቴ ስም ነው፣ ሸክላ ሠሪ ነበረች አለኝ። እንዴት ያለ ክብር ነው አልኩት። አንገቱን ደፋ። ሰው በዚህ እንዴት ያፍራል?»

ኸይሪያ መልሱን አሳምራ ታውቀዋለች። ወይዘሮ ሃን ምድጃው እንደተከፈተ ጭቃ ሊያመጡ ከከተማው ዳር ኦቤትስ ወዳለው መጋዘን ሄደው አመሻሽ ላይ ነው የተመለሱት። የመጋዘኑ ሰዎችም መስክረውላቸዋል።

አስከሬኑን ያገኘችው የሟቹ ልጅ ቃልኪዳን ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች።

«ዳዲ ስልኩን ቤት ቻርጅ ላይ ረስቶ ነው ጠዋት የወጣው። ከሥራ ስወጣ ላደርስለት መጣሁ፣ እትዬ ኸይሪያ።»

«የጻፈውን አሳይቶሽ ነበር?»

«ፎቶውን። አማርኛ ማንበብ አልችልም፤ ምን እንደሚል ሊነግረኝ ሲል ቢዚ ነኝ አልኩት።» ፊቷን ሸፈነች። «የቅዳሜው የኤግዚቢሽኑ ኦፕኒንግ ላይም አልመጣም አልኩት። ለጓደኞቼ አባቴ ኢንጂነር ነው ብዬ ነበራ! አይም ሶ አሼምድ።»

የሟቹ ወንድም አምሳሉ ከኮሎምበስ ወጣ ብላ ባለችው ደብሊን ሰፊ ቤት አለው። ልጁን ማህደርን ሊድር ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ የሙሽራው ወላጆችም ከአዲስ አበባ እየመጡ ነው።

«ጋሽ አምሳሉ፣ ሥራ ቤቱን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«እሑድ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላየሁም፣ ድምፁንም አልሰማሁም። ዘመም ላለች ማሰሮ ብሎ ነፍሱን ሰጠ! ምን ዓይነት ጉድ ነው?» ብሎ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ።

ኸይሪያ አጽናንታው ወጣች።

ቅዳሜ፣ ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት በነበረበት ሰዓት፣ ሁሉንም ሥራ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ማህደር አባቷ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ማሰሮዋ የተሰበረችው ሟቹ ከወደቀ በኋላ ነው» ብላ ጀመረች ኸይሪያ። «ስለዚህ እዚህ ሌላ ሰው ነበር። ያ ሰው ሁሉንም ትቶ መቀመጫዋን ብቻ ወሰደ፤ ስለዚህ የጨነቀው ጽሑፉ ነው። ወይዘሮ ሃን ኦቤትስ ነበሩ። ቃልኪዳን ምን እንደሚል አታውቅም፤ የማያውቁት ነገር ደግሞ አያስጨንቅም። ጋሽ አምሳሉ፣ ማሰሮዋ ዘመም ያለች መሆኗን በምን አወቁ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አምሳሉ ፈጥኖ መለሰ።

«እሑድ... እሑድ አይቻታለሁ።»

«እሑድ ቀጥ ያለች ነበረች። የዘመመችው እሳት ውስጥ ነው፤ የወጣችው ሐሙስ እኩለ ቀን።»

«አዎ፣ ሐሙስ ሀብቴ ኮል አድርጎልኝ...»

«ስልኩ ቤት ነበር። ድምፁንም አልሰማሁም ብለውኛል። ወይዘሮ ሃን ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገሩም። ሳትሰበር ዘመም ብላ ያያት ሐሙስ እዚህ የነበረ ሰው ብቻ ነው።»

አምሳሉ እጁን ኮቱ ውስጥ ከተተና በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ኸይሪያ ፈትታ ጮክ ብላ አነበበችው፤ «የሸክላ ሠሪዋ የይመኙሻል ልጅ ሠራት።»

«መጣል አቃተኝ» አለ አምሳሉ። «የእናቴ ስም ነው። አጥፋው ብዬ ለመንኩት። አርባ ዓመት ደበቅናት፣ ይበቃናል አለኝ። የሙሽራው ሰዎች ሲሰሙ ልጄን የቡዳ ዘር ይሏታል! ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም።»

«አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ከወደቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ነፍሱ አልወጣችም ይላል» አለች ኸይሪያ። «እርስዎ ለአምቡላንስ ናይን ዋን ዋን መደወል ትተው ማሰሮ ይሰብሩ ነበር።»

ቃልኪዳን ጮኸች። ማህደር ከአባቷ ራቅ ብላ ቆመች።

«አባዬ፣ እጮኛዬ ሚልኪ ያውቃል። ጋሼ ሀብቴ ነግሮኝ፣ እኔ ደግሞ ዓምና ነገርኩት። ለቤተሰቡም ነግሯቸዋል። ኖባዲ ኬርስ!»

አምሳሉ ያን ሰምቶ የተጽናና አልመሰለም። እጁ ታስሮ ወደ መኪናው ሲሄድ ወደ ኸይሪያ ጠጋ አለ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ወረቀቱ ላይ በገንዘብ ተጣልተው ነው ብለሽ ጻፊልኝ።»

ኸይሪያ ለአንድ አፍታ እሺ ልትለው ቃጣት፤ ልመናው ገብቷታልና። በመግባቱም አፈረች።

«አልጽፍም፣ ጋሽ አምሳሉ» አለችው።

ሪፖርቱ ላይ ምክንያት ከሚለው ቦታ ስትደርስ «በእናቱ ሙያ አፍሮ» ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈች። አለቃዋ እንዳነበበው ደወለላት።

«ኸይሪያ፣ ይሄ ምን ማለት ነው? ሸክላ መሥራት ምኑ ያሳፍራል?»

ልታስረዳው ጀመረች። ወሎ ቤታቸው ሸክላ ሠሪዋ ስትመጣ፣ ውሃ የምትጠጣበት ለብቻው የተቀመጠ ቅል እንደነበረ ነገረችው።

«ቅሉን ማን ነበር የሚሰጣት?» አለ አለቃዋ።

«እኔ» አለች ኸይሪያ። «እጇ እንዳይነካኝ መሬት ላይ አስቀምጬላት እሮጥ ነበር።»