ከመስኮቱ የገባው ከበሮ

ማክሰኞ የካቲት 25 ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ የገበሬው የስማቸው ስልክ ጮኸ። በሚኖርበት በመካነ ብርሃን ለከብቶቹ ገለባ እያወረደ ነበር። ደዋዩ «እህትህ ሄለን ትንሽ አሟታል፤ ቶሎ ጎንደር ና» አለው። መርዶ በስልክ አይነገርምና ሰውየው እንደ ወጉ ዋሸ። ወጉን ያፈረሰው ሌላ ነው። አውቶቡሱ አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ስልኳን እያየች ከንፈሯን መጠጠች። ዞር ብሎ ቢያይ የሄለን ፎቶ ነው፤ ሥሩ ሻማ በርቷል። አላለቀሰም። ለእሷ የያዘውን የቆሎ ቋጠሮ ጎንደር እስኪገባ ከጉልበቱ አላወረደውም።

ሄለን የኮሌጅ ተማሪ ነበረች፤ ጎንደር፣ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ከሦስት ጓደኞቿ ከኤሌኒ፣ ከእንዳልካቸውና ከሶሊያና ጋር አንድ ግቢ ተከራይተው በየክፍላቸው ይኖሩ ነበር። ሬሳዋ የተገኘው ከቤቱ ጀርባ ተጀምሮ ከቀረው፣ መከለያ ከሌለው ፎቅ ሥር ነው። ስልኳ አልጋዋ ላይ ነበር።

ሰው ሁሉ «ራሷን ነው የጣለችው» አለ። «ሹክሹክታ» የሚባል ባለቤቱ የማይታወቅ የቴሌግራም ቻናል ወሩን ሙሉ ስሟን ሲያጠፋ ከርሟልና። የአገሩ ቄስም ለስማቸው ደወሉለት።

«ራሷን አጥፍታ ከሆነ ፍትሐት አይደረግላትም። ምን ላድርግ ልጄ?»

«እሺ አባ» አለ።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር የትነበርሽ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ቁስቋም ነው። ረቡዕ ጠዋት ከኤሌኒ ጀመረች።

«መጨረሻ ያየሻት መቼ ነው?»

«ሰኞ አላየኋትም። ከእንዳልካቸው ጋር ቤተ መጻሕፍት አምሽተን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ገባን። ልክ ስንገባ ግሩፓችን ላይ ድምፅ ላከች።»

«የአንቺንና የእሷን ክፍል የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። አታንኳኪም?»

«ግሩፑ እያለ ምን ያንኳኳል?» አለች ኤሌኒ፤ ብላም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እንዳልካቸው ተቆጥቶ ነበር። «ከሦስት ሰዓት በኋላ ተኝቻለሁ።»

«ማን አየህ?»

«ተኝቶ ምስክር የሚጠራ ማን አለ?»

ሶሊያና ግን አልተጨነቀችም። «እኔ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ቲክቶክ ላይ ላይቭ ነበርኩ። ስንት ሰው አይቶኛል!»

«ከሦስት በፊትስ?»

«እዚሁ ክፍሌ። ያኔማ ሄለን ደህና ነበረች፤ ድምፅ ልካለች እኮ።»

ከሰዓት በኋላ የትነበርሽ ሦስቱንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። ለስማቸው ወንበር ሰጠችው።

«አያ ስማቸው፣ የእህትዎን ድምፅ ላሰማ ነው። ይችላሉ?»

ራሱን ነቀነቀ። ስልኩ ተከፈተ። *ደክሞኛል፣ ልተኛ ነው። ቻው።* ስማቸው ቋጠሮውን ጠበቅ አደረገ።

«ቃሏን ተዉት» አለች የትነበርሽ። «ከኋላዋ ምን ይሰማል?»

ደግማ ከፈተችው።

«ከበሮ… እልልታም አለ» አለች ኤሌኒ።

«በሁዳዴ?»

በሁዳዴ ከበሮ ከቤተ መቅደስ አይወጣም፤ ማኅሌቱ በመቋሚያ ብቻ ነው።

«ጎረቤት መዝሙር ከፍቶ ይሆናላ!» አለ እንዳልካቸው።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ጎረቤቱን ሁሉ ጠየቅሁ፤ የከፈተ የለም። እዚህ ሰፈር ከበሮ ማታ እንዲህ የሚደምቀው ደግሞ በኅዳር፣ ለቁስቋም በዓል ዋዜማ ነው። ድምፁ ያኔ የተቀዳ ነው። አንድ ሰው አስቀምጦት፣ ሰኞ ማታ ከራሱ ስልክ እያሰማ በሄለን ስልክ ቀድቶ ላከው። የመክፈቻ ቁጥሯን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለምን ላከ? በሦስት ሰዓት በሕይወት ነበረች እንድንል። እንግዲያው የሞተችው ከዚያ በፊት ነው። ያን ጊዜ እናንተ ሁለታችሁ ቤተ መጻሕፍት ነበራችሁ፤ ሰውም አይቷችኋል።» ወደ ኤሌኒ ዞረች። «ያኔ ድምፁን የላከችው አጠገቧ ላልነበረ ሰው ይሆናል። ለዋዜማው ከመካከላችሁ ያልነበረ ማን ነው?»

«ሶሊያና» አለች ኤሌኒ በቀስታ። «አምባ ጊዮርጊስ፣ ቤተሰቦቿ ጋ ነበረች።»

«በሄለን ስልክ ከእናንተ ከሁለታችሁ ጋር ለየብቻ የተጻጻፈችው ሁሉ አለ። ከሶሊያና ጋር ግን ምንም የለም። በአንድ ግቢ እየኖራችሁ አንዲት መልእክት እንኳ? ምነው ሶሊያና፣ ማን አጠፋው?»

ሶሊያና ስልኳን ከእጇ አስቀመጠች።

«ሹክሹክታን የምጽፈው እኔ መሆኔን ሄለን ደረሰችበት» አለች። «ነገ ለሁሉም አሳያለሁ አለችኝ። ፎቁ ላይ ስልኳን ልቀማት ስንታገል ገፋኋት። ስልኩ እጄ ላይ ቀረ።»

«ከበሮውን አልሰማሽም?»

«ቃሏን ብቻ ነው የሰማሁት። መጀመሪያው ላይ ‹ዓመት በዓሉ አመለጠሽ፣ በይ ከበሮውን ስሚው› ብላ ነበር። እሱን ዘልዬ ነው የቀዳሁት።»

ስማቸው ተነሣ። ሁሉም ሊመታት ነው ብለው ፈሩ። እሱ ግን ወደ የትነበርሽ ነበር የዞረው።

«ለቄሱ ይነግሩልኛል? እኔ ብናገር አያምኑኝ ይሆናል።»

እዚያው ቆማ ደወለች።

ሄለን ሐሙስ ዕለት መካነ ብርሃን ላይ ፍትሐት ተደርጎላት ተቀበረች።